ጥርስ ያለው የአንገት ማሰሪያ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጥፋቱ የእህቴ ልጅ የደሳለኝ ነው። ውሻዬ አንበሶ ገና ጎረምሳ ነው፤ ጉልበቱ ግን ከእኔ በልጧል። ደሳለኝ ወደ ውስጥ ጥርስ ያለው የብረት የአንገት ማሰሪያ ከነሰንሰለቱ ከአራዳ ገበያ ገዝቶ አመጣልኝ። «እቴቴ፣ ሲጎትትሽ ሰንሰለቱን መንጭቂው፤ ይገባዋል» አለኝ።

ዛሬ በወለቃ መንገድ ፍየል አይቶ ሲጎትተኝ መነጨቅሁት። በሕመም ጮኸ። ጎረቤቴ አያ ሞላ ቆመው፣ «ምነው፣ ውሻ ነው ወይስ ሽፍታ የያዝሽው?» ብለው ሳቁብኝ። አፍሬ፣ ደግሜ መነጨቅሁት።

አመሻሽ ላይ በሬ ሲንኳኳ አልጮኸም። እጄን አይቶ አልጋ ሥር ገባ። ብቻዬን ስኖር የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነበር። አንገቱን ብዳስሰው ደም ነው። ጎትቶ ቢጥለኝም ያን ብረት ከእንግዲህ አንገቱ ላይ አላስርም።