ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ

ለምወድሽ ልጄ ለላቪኒያ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ያ የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ የያም ሥራሥሩ እርሻ እንዴት ነው? ባሕሩስ ዓሣ ይሰጣችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በልቼ አድራለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ይህን የምትጽፍልኝ የወንድምሽ የሴሚሲ ሚስት ሄይላላ ናት። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ፤ ምላሴ ግን ያው ነው። ያልኩትን ሳታለሰልስ እንድትጽፍ አዝዣታለሁ።

እዚህ የቤቱ ስልክ የሚሠራው ከኢንተርኔቱ ጋር በተያያዘች፣ ሳሙና በምታህል ሣጥን ነው። በእሷ በኩል ሌባ ሁሉ ይገባብኝ ጀመር። «ከባንክ ነው፤ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩን» ይሉኛል፣ በቀን አሥር ጊዜ። አንዱን «መጀመሪያ የአባትህን ስም ንገረኝ» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ። በፌብሩዋሪ መረረኝና ሄይላላን «ዝጊልኝ» አልኳት። በኮምፒውተሯ የሣጥኗን ገጽ ከፍታ፣ «አባባ፣ ቁጥራቸውን የሚደብቁትን ብቻ ልከልክል ወይስ የሚደውለውን ሁሉ?» አለችኝ። «ሁሉንም! ስንቴ ልንገርሽ?» ብዬ ጮኽኩባት። ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች፤ ይህንንም ጻፊ ብያታለሁ።

እኔ በመንደራችን ልማድ ነው ያሰብኩት። በር የሚዘጋው ለባዳ ነው፤ ልጅ በጓሮ ዞራ ትገባለች፣ ማን ይከለክላታል? ሣጥኗ ግን ጓሮ የላትም። ሁሉንም ሲሏት አንቺንም ጨመረች።

ማርች ሦስት የሄይላላ ሕፃን ስትወለድ ለባለሱቋ ለሴይኒ ደውዬ መልእክት ተውኩልሽ። የአባቷ እህት ነሽና በልማዳችን ስሟን የምታወጪው አንቺ ነሽ። ዓርብ ከደሴታችሁ በጀልባ ወደ ገበያ ስትሻገሪ ከሱቁ ትደውያለሽ ብዬ ከስልኩ ሥር ተቀመጥኩ። አራት ዓርብ አለፈ። የናቅሽን መሰለኝ፤ እልህ ያዘኝና እኔም ዝም አልኩ። ሴሚሲ ደግሞ በወግ ወንድም ነውና እህቱን ስለዚህ ነገር በስልክ ማናገር አይገባውም፤ በእናንተ መካከል የሚናገረው የእኔ አፍ ብቻ ነው።

ሰኞ ግን አላስችል ብሎኝ ሴይኒ ዘንድ ደወልኩ። የሴትዮዋን አፍ ታውቂው የለም? «አንተ ሽማግሌ፣ በምን ፊትህ ትደውላለህ! ሦስት ዓርብ ደወለችልህ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስልክህ ጢጥ ጢጥ ብሎ ተዘጋባት። በመጨረሻው፣ አባቴ በሩን ዘጋብኝ፣ ስሙንም ከእኔ አይፈልጉም ማለት ነው ብላ እያለቀሰች ወጣች። ከዚያ ወዲያ ሱቄን አልረገጠችም» ብላ አወረደችብኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ሄይላላን ጠራኋት።

ሄይላላ ወዲያውኑ ሣጥኗን ከፈተቻት። መከፈቷን ለማየት በየጠዋቱ ከእጅ ስልኳ ትደውልልኛለች። ሌቦቹም ተመልሰዋል፤ ከመካከላቸው አንቺ ብትሆኚስ እያልኩ ለሁሉም አነሣለሁ። ከቤት አልወጣም። የፊታችን እሑድም ሁሉም ለጸሎት ሲሄዱ እኔ እቀራለሁ። መጸዳጃ ቤት እንኳ በሩን ከፍቼ ነው የምገባው። ዘበኛ የሌለው እስር ቤት ይኸው ነው፤ ቁልፉም ያለው አንቺ ጋ ነው።

ሕፃኗ እስከዛሬ «ትንሿ» ነው የምትባለው። የጠባችውን ትመልሳለች። ሐኪሙ ሆዷን ነፍቷት ነው ይላል፤ እኔ ግን የአክስት ቅያሜ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። መንግሥት ስሟን እስከ ሜይ ሁለት አስመዝግቡ ብሎናል። ሄይላላ የእናቷን ስም በልቧ ይዛለች፤ ይህን ስናገር ብዕሯን አቁማ አየችኝ። «እስከ መጨረሻው ቀን እጠብቃታለሁ አባባ፤ ከዚያ በላይ ግን አልችልም» ብላኛለች። አልፈርድባትም።

ላቪኒያ፣ እኔ ይቅርታ ለምኜ የማውቅ ሰው አይደለሁም። አሁን እለምንሻለሁ። ቅያሜሽን እኔ ላይ አድርጊው፤ ከሕፃኗ ላይ አንሺው። ደብዳቤውን ነገ ወደ አገራችን የሚበሩት ሰባኪያችን በእጅሽ ይሰጡሻል። ዓርብ ደውዪ። ድምፄን መስማት ካልፈለግሽ ስሙን ብቻ ተናግረሽ ዝጊ፤ ይበቃኛል።

ባልሽን ሰላም በዪልኝ፤ ትልቁን ልጅሽን ጀልባ ላይ እንዳይቆም ንገሪው፤ መንትዮቹን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ። ሴይኒንም ስድቧ ደርሶኛል በያት። ሴሚሲ በአክብሮት እጅ ይነሣል። ሄይላላ ሰላም ትልሻለች። ትንሿ ሰላም ትልሻለች ብዬ አላስጽፍም፤ በማን ስም ሰላም ትበልሽ?

አባትሽ ኢሲሌሊ
ሎጋን፣ ክዊንስላንድ
ኤፕሪል 4 ቀን 2019