እጄን ከትሪው ሳነሣ

ደረበ ወዳጄ፣

ከሸሕዲ ከተማ ወጣ ያለ የሰሊጥ እርሻ ላይ ነኝ። ዛሬ ቀትር ላይ አጫጆቹ ከትሪያቸው ዙሪያ አስቀመጡኝ፤ የማሽላ እንጀራ ወይካ በሚሉት የደረቀ ባምያ ወጥ ነበር። ሆዴን በቀዶ ጥገና ካሳነስኩ ወዲህ እንደለመድኩት ትንሽ ቀምሼ እጄን ሰበሰብኩ። ሁሉም እጃቸውን ሰበሰቡ። ከንጋት ጀምረው ሲያጭዱ ያረፈዱ ሰዎች ናቸው።

"ብሉ እንጂ" አልኳቸው።

"ትልቅ ሰው እጁን አንሥቶ እኛ እንብላ?" አለ ፈንቴ የሚባለው የጎጃም ሰው።

"እኔ ጠግቤያለሁ።"

"ይህን ሁሉ ሰውነት ይዘው? በዚህስ ድመትም አትጠግብ።"

ሐኪም ሆዴን እንዳሳነሰልኝ ነገርኳቸው።

"ታመው ነው?"

"የለም፣ ውፍረት ለመቀነስ።"

"ደህናውን ሆድ?" ብሎ ከልቡ አዘነልኝ።

እናንተ ቤት ባለቤትህ አሰበች በትንሿ ሳህን ለብቻዬ ታቀርብልኛለች፤ የሚጠይቀኝም የለም። እዚህ ግን ሰው በእኔ ምክንያት ሊራብ ሆነ። እጄን ወደ ትሪው መለስኩና አንዲት ቁራሽ እንጀራ ወጡ ላይ እያገላበጥኩ ቆየሁ። እነሱም በሉ። ሆዴ እስከ ጉሮሮዬ ሞልቶ ሳለ ትሪው ባዶ ሲሆን ለምን እንደከፋኝ እስካሁን አልገባኝም። ርቦኝ ይሁን ጠግቤ መለየት አቅቶኛል።

የፖስታ ካርዱ ሞላ። አሰበችን ሰላም በልልኝ። ስመለስ ትንሿን ሳህን ትተዋትና ከትሪያችሁ ልቀመጥ፤ እጄ ሲቆም ግን አደራ፣ አንተ አታቁም።

አንዱአምላክ