«መድኃኒቱ ይጹም» ያሉት የዶክተር ዘነበወርቅ አስፋ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ዘነበወርቅ ከአባታቸው ከአቶ አስፋ ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጸሐይነሽ ደምሴ በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጉለሌ ተወለዱ። ወደዚህ ዓለም የመጡት ገና በሰባት ወራቸው ነው፤ እናታቸው እስከ መጨረሻው «ይቺ ልጅ መጠበቅ አልሆነላትም» ይሉ ነበር።

በአዲስ አበባ ፋርማሲ ማጥናት እንደጀመሩ የዘመኑ ሁኔታ አስገደዳቸውና በ1970 ዓ.ም. ተሰደው ጄኔቫ ገቡ። ከፈረንሳይኛው ጋር ታግለው፣ መድኃኒት በሰው ደም ውስጥ ምን ያህል እንደሚደርስ በሚመረምረው በክሊኒካል ፋርማኮሎጂ በ1981 ዓ.ም. ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከአቶ ጴጥሮስ ኃይሌ ጋር በተክሊል ተጋብተው ዲቦራንና ሌዊን ወለዱ። ትዳራቸው ዙሪክ ቪዲኮን፣ ሥራቸው ጄኔቫ ፕላንፓሌ ስለነበር ዕድሜያቸው ባቡር ላይ አለቀ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያም ሆኖ ባቡሩ ገና ሳይደርስ ተነሥተው በር ላይ ይቆሙ ነበር።

እንቅልፍ የነሳቸው ግን ወባ ነው። ጡረታ በወጡ ማግስት፣ በምዕራብ ኢትዮጵያ በአንድ ጤና ጣቢያ በዐቢይ ጾም የታከሙ ሰዎችን ወባው መልሶ እየጣላቸው መሆኑ ተሰማ። ባልደረቦቻቸው ወባው መድኃኒቱን ተላምዶታል ብለው ሊደመድሙ ተቃረቡ። መድኃኒቱ ከአካባቢው ሊነሣ ሆነ፤ የሚተካ ደግሞ በእጅ አልነበረም። እሳቸው አላመኑም፤ ሄደው ሕመምተኞቹን ጠየቁ። መድኃኒቱ ቅባት ካላገኘ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ነርሷ «በወተት ውሰዱ» ትላለች፤ ጾመኛው ላለማስቀየም «እሺ» ይልና ቤቱ ሄዶ በውኃ ይውጠዋል። ቄሱ ቢፈቅዱም የሚሰማ ጠፋ።

«እንግዲህ ሰው ጾሜን አልገድፍም ካለ፣ መድኃኒቱ ይጹማ!» አሉና በሱፍ ፍትፍት የሚዋጥበትን ጥናት አስጀመሩ።

በዚህ መካከል የቆሽት ካንሰር ያዛቸው። ዙሪክ ሆስፒታል ተኝተው እንኳ ማስታገሻው እንዳያስተኛቸው ከሐኪሞቹ ጋር ይከራከሩ፣ ዲቦራን «ውጤቱስ?» እያሉ መውጫ መግቢያ ያሳጧት ነበር። በመጨረሻ ውጤቱ መጣ፤ በሱፍ የዋጡት ሰዎች ደም ውስጥ መድኃኒቱ በቂ ሆኖ ተገኘ። አቶ ጴጥሮስ አነበቡላቸው። እሳቸው አለቀሱ፤ አልጋቸውን የከበብን ቤተሰቦቻቸውም አለቀስን። ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡና «ለነፍሰ ጡሮቹስ ተሞክሯል?» አሉ። አልተሞከረም ነበር።

በማግስቱ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ያሬድን ትተውልን ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ እሳቸው በራሳቸው ማረፍ አያውቁበትም ነበር።