ያልቦካ ጭቃ

ኅዳር 14፣ ሞጣ

የሞጣን ውርጭ ዛሬ ብቻዬን ድል ነሣሁት። ድል እንኳ አይባልም፣ አንድ ግድግዳ መረግኩ። የማታ ትምህርት ጨርሼ መጻፍ ከቻልኩ ወዲህ ግን እንዲህ ብሎ መጀመር ደስ ይለኛል።

ውርጩ ትናንት የጓሮውን ባቄላ አቃጠለው። ባለቤቴ ማሬ አራስ ናት፤ ከሕፃኗ ጋር የምትተኛበት መደብ የተጠጋው ግድግዳ ተሰነጣጥቆ ነፋስ ያስገባል። ስለዚህ ጠዋት አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጬ ወዲያው መመረግ ጀመርኩ። ጎረቤታችን እማማ ዘሃራ ለአራሷ አጥሚት ይዘው ሲገቡ አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ጭቃው ሳይቦካ? ሳምንት እንኳ ቢከርም ምን ነበረበት?»

«ውርጩ ሳምንት ይጠብቀኛል እንዴ፣ እማማ? ደግሞ የእኔ እጅ የነካው ጭቃ በሰዓት ይቦካል።»

«እንግዲያማ የማሬንም ሊጥ አንተው አቡካላት!»

ማሬ መደቡ ላይ ሆና ከት ብላ ሳቀች።

ማምሻውን ግማሹ ምርጊት ተላቆ ወደቀ። የቀረውም እርጥብ ስለሆነ ከቀድሞው ይብስ ይቀዘቅዛል። መደቡ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ነው፣ አይነሣም። ስንጥቁ ውስጥ ጆንያ ወሸቅሁ። ጓሮ ሌላ ጭቃ ረግጫለሁ፤ ይኼኛው እስኪቦካ ይከርማል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ዛሬም ውርጭ ይወርዳል።

ማሬ ሳቀች ያልኩት ከራሴ ነው። አልሳቀችም። የሕፃኗን እግር በመዳፎቿ ይዛ ታሞቅ ነበር።