የላክሁልሽ ሥር

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለረሂማ፣ ምሥራቅ ጀርመን

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እንደምን ከርመሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እናትሽ ብርድ እንዳይመታሽ ካልሲ ልካለች፤ እዚያም ካልሲ አይጠፋም ብላት ተቆጣችኝ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የእኛን የወፍ በሽታ መድኃኒት ሁለት ዓመት መርምረሽ፣ አይጦቹ የቱንም ያህል ቢጠጡ አልተጎዱም ብለሻል። በሚመጣው ወር በፋኩልቲው መምህራን ፊት ይህንኑ ልትናገሪ ነው። ልጄ፣ እንዳትናገሪ።

የላክሁልሽ ዱቄት የእኛ መድኃኒት አይደለም። ከደሴ ገበያ ገዝቼ ያስፈጨሁት፣ ማንም የሚጠጣው ተራ የመቅመቆ ሥር ነው። ከፕሮፌሰሬ ጋር ልመርምረው፣ ሥሩን ላክልኝ ስትዪ እምቢ ለማለት አፈርኩ፤ የአባቶቼን ምሥጢር ለባዕድ አሳልፌ መስጠትም አልሆነልኝ። ፕሮፌሰርሽን ያታለልኩ መስሎኝ ነበር እንጂ አንቺ ሁለት ዓመት ሙሉ በከንቱ ትደክሚያለሽ ብዬ አላሰብኩም። በጣም አፍሬያለሁ።

እውነተኛው ሥር ሲበዛ ይገድላል። እኔ በአውራ ጣቴ ጥፍር ለክቼ ሰጥቼ፣ በሽተኛውን እስኪመሽ ከፊቴ አላርቀውም። አንቺ «ቢበዛም አይጎዳም» ብለሽ ከጻፍሽ፣ ወረቀትሽን ያመነ በማንኪያ ያጠጣል። የሚሞተው ሰው ደም በእኔና በአንቺ አንገት ላይ ነው።

እውነተኛውን ሥር በፖስታ ብልከው ማን እንደሚከፍተው አይታወቅም፤ በጊዜውም አይደርስም። ስለዚህ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ለሥልጠና ወደዚያ በሚመጣው በሙሄዲን እጅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሰድጄዋለሁ። ጥቅሉን ሲያይ ፈራ።

«አባባ፣ ሲፈትሹኝ ምን ልበል?»

«የልጄ የጥርስ መፋቂያ ነው በል።»

«ወላሂ ከያዙኝ የእርስዎ ነው እላለሁ» ብሎ ተቀበለኝ። ይዞት እስኪደርስ እንቅልፍ የለኝም።

በጥቅሉ ውስጥ እውነተኛው ሥር ከነቅጠሉ አለ። ስሙንም መጠኑንም መጠቅለያው ላይ ጽፌልሻለሁ። በእኛ ቤት ስሙ ከአባት ወደ ልጅ የሚነገረው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አባቴ የነገረኝ አልጋ ይዞ፣ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። አንቺ ግን ክፉ አታስቢ። ባለፈው ሳምንት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄጄ ሐኪሙ ደረቴን አይቶታል፤ ያለኝን ስትመለሺ እናትሽ ትነግርሻለች።

መምህራኑን ጥፋቱ የአባቴ ነው በያቸው። ሥራውንም ከመጀመሪያው ጀምሪው፤ ሌላ ሁለት ዓመት ይፈጃል ቢሉሽ እሺ በይ። ውጤቱ ሲወጣ ለእናትሽ ጻፊላት።

አላህ እጅሽን ይባርከው፣ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅሽ። ስላታለልኩሽ አውፍ በይኝ።

አባትሽ ጀማሉዲን