በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ

አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ
ኅዳር 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለዳናይት፣

የስቶክሆልም ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን እያመማትም ቢሆን ቂርቆስን ሳትሳለም አትውልም። አሁንም እዚያው ሄዳለች፤ እኔም ቤቱ ጭር ሲልልኝ በድሮው የጽሕፈት መኪናዬ ይህን እየጻፍኩልሽ ነው። ዓይኔ ቢጠፋም ጣቶቼ ፊደሎቹ የት እንዳሉ አልረሱም። የተሳሳትኩትን ማየት ስለማልችል ግን ይቅር በይኝ።

የላክሽልኝን ስካነርና ፕሮግራም ኦሎምፒያ ሰፈር ኮምፒዩተር የሚጠግነው ተካ መጥቶ ገጠመልኝ። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መስተዋቱ ላይ ደፍቼ አንድ ቁልፍ ስጫን፣ ኮምፒዩተሩ ፊደሎቹን ለይቶ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። የመጀመሪያ ቀን አለቀስኩ። እናትሽ ግን «ይሄን ፈረንጅ ጉንፋን ይዞታል እንዴ? በአፍንጫው እኮ ነው የሚያወራው!» ብላ አሳቀችኝ።

ችግሩ አማርኛ አያውቅም፤ የእጅ ጽሑፍማ ጭራሽ። ስለዚህ ደብዳቤሽን የምታነብልኝ እናትሽ ናት። ያለፈውን ስታነብልኝ መሐል ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«በቃ፣ ሰላምታ ነው» አለችኝ።

ያላነበበችልኝን ሁለተኛውን ወረቀት አጣጥፋ ፖስታው ውስጥ ስትመልሰው ግን ሰማሁ። ከዚያ ጓዳ ገብታ ቧንቧ ከፈተች፤ ስታለቅስ እንዳልሰማት መሆኑ ነው።

በማግስቱ ደብዳቤውን ከትራሷ ሥር አውጥቼ ስካነሩ ላይ አደረግኩት። መሣሪያው ትርጉም የሌለው ነገር ያጉተመትማል። አገላብጬ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ወይ ፍንክች! ጎረቤታችንን ሱሌማንን ጠርቼ አንብብልኝ ልለው ነበር፤ ገመናሽን ለሰው አሳልፎ መስጠት መሰለኝና ተውኩት።

ዳኒዬ፣ እናትሽ የምትደብቀኝ ደሜ ከፍ እንዳይል ፈርታ ነውና አልተቀየምኳትም። ነገር ግን ያለፈው እሁድ በስልክ ስናወራ ባልሽ ከኋላ ሲጮህ፣ አንቺም ወዲያው ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ደህና ነኝ አባዬ» ስትዪኝ ሰምቻለሁ። ደህና የሆነ ሰው እንዲያ አይልም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በቤትሽ ሳይሆን በሥራ ቦታሽ አድራሻ የላክሁትም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ። በኮምፒዩተር፣ በትልልቁ ይሁን። ፖስታውን ከፖስታ ቤት የሚያመጣልን ሱሌማን በእጄ ይሰጠኛል፤ ብቻዬን በማዳመጫ እሰማዋለሁ። መሣሪያው እንደ እናትሽ አዝኖልኝ የሚዘለው ነገር የለም።

ብዙ መጻፍ ከከበደሽ አንዱን ብቻ መልሺልኝ፦ ይመታሻል? «አዎ» ከሆነ ያችኑ አንዲት ቃል በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ላኪልኝ። ለምን ዝም አልሽ ብዬ አልቆጣሽም። መጥቼ ልወስድሽ አቅም የለኝም፤ ቤትሽ ግን እዚሁ ነው።

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ፤ በምትገቢበት በምትወጪበት ከለላ ይሁንሽ። ያችን ቃል ኮምፒዩተሩ ያነበበልኝ ዕለት እናትሽን ጠርቼ «አልጋዋን አንጥፊላት» እላታለሁ።

አባትሽ
ፍሰሃ