የጭንቀት ቀጠሮ

ኮሊንግዉድ፣ ሜልቦርን
ማክሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ፈጡማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ቻርጀሬ ግን ጠፍቷል። ልጅሽን ሀይፋን የምከስለት ካንቺ ሌላ ሰው የለኝምና ስሚኝ። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ የስልኬ ቻርጀር የለም። ሶፋውን ገለበጥኩት፣ የፍሪጁን ጀርባ ሳይቀር በመጥረጊያ እንጨት ጎረጎርኩት። ሀይፋን «የራስሽን አውሺኝ» ብላት «ያንተ ስልክ ላይ አይገባም» አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ገብቶ ነበር! ሽማግሌ ምን ያስታውሳል ብላ ነው። ስልኬ ሬሳ ሆኖ ተጋድሟል፤ እኔም በሌሊት እንደ ድሮው ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። ጎረቤታችን ይርጋ ሐሙስ ቀን ወደ አገር ቤት ስለሚበር ኮምቦልቻ ድረስ ያደርስልኛል። በእጅ ጽሑፌ ብትስቂ አልቀየምሽም። ማንበብ የተማርኩት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ።

ደግሞ ወረቀት ይሻላል። ስልክ ላይ ሳቅሽን ስሰማ የጀመርኩትን ትቼ ወደ ቀልድ እሸሻለሁ። አሁን ተቀመጪና አንብቢው።

ጨጓራዬን ትንሽ ያቃጥለኛል ያልኩሽ ውሸት ነው። ካንሰር ነው። ካሜራዬ ተበላሸ ያልኩሽም ፀጉሬ ስለረገፈ ነው። ቅንድቤ እንኳን ጥሎኝ ሄዷል፤ የተላጠ እንቁላል መስያለሁ። ያንቺም ካሜራ በዚያው ሰሞን መበላሸቱ ገላገለኝ። «ምን ዓይነት የስልክ ወረርሽኝ ነው?» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሀይፋን አትቆጫት፤ «እናትሽ ጆሮ እንዳይደርስ» ብዬ ወላሂ አስብያታለሁ። እኔና አንቺ ያደግነው እንዲህ ነው። ለታመመ አይነገርም፣ ሩቅ ላለ ሰውም አይነገርም። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ደህና ነኝ ይላል።

አሁን የምነግርሽ መልካም ወሬ ስላገኘሁ ነው። ዶክተሯ ስካኑን አይታ ዕጢው ኮስሷል አለችኝ። ትንሽ መድኃኒት ይቀረኛል፤ ከዚያ ከመድኃኒቱ ስታርፍ መብረር ትችላለህ ብላኛለች። ልመጣ ነው ፈጡማ! ከሌላ አፍ ሳትሰሚው ከእኔ እንድትሰሚ፣ መላጣዬን ይዤ በርሽ ላይ ስቆምም «ይሄ ማነው?» ብለሽ እንዳትጮሂብኝ ነው የምጽፍልሽ። ያለፈውን ሁሉ የቻልኩት አንዴ ላይሽ ብዬ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።

እዚህ ሆስፒታሉ ለዕጢ ብቻ ሳይሆን ለጭንቀትም ሐኪም አለው። ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች ሴት ናት፤ የምታናግረኝ በስልክ አስተርጓሚ ነው። «ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣህ ምን ታስባለህ?» አለችኝ።

«ሞትን ነዋ» አልኩ።

አስተርጓሚው በአማርኛ «ጋሼ፣ እንደዚያው ልበላት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«በላት እንጂ! የሚሞተው አንተ ነህ ወይስ እኔ?»

በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ነገራት። ምን እንዳላት እንጃ፤ ሴትዮዋ ፈገግ አለችልኝ። ከዚያ መፍትሔዋን አመጣች። ጭንቀትን ማባረር አይቻልም፣ ቀጠሮ ስጡት አለች። በቀን ሩብ ሰዓት ቡክ አድርጉለት፣ በሌላ ሰዓት ሲመጣ «ቀጠሮህ አልደረሰም» ብላችሁ መልሱት። በዚህ አገር ያለ ቀጠሮ መጨነቅም አይቻልም ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ለታማሚው ብቻ አይደለም፣ ለአስታማሚውም ነው አለች፤ ሀይፋን እያየች።

ልጅሽን ብታያት ታዝኛለሽ። ሌሊት ኤጅድ ኬር በሚሉት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ የሰው ሽማግሌ ስታገላብጥ ታድራለች፣ ቀን ያንቺን ሽማግሌ ኬሞ ታመላልሳለች። ሰውነቷ አልቋል። ሻወር ውስጥ ውሃውን ከፍታ ታለቅሳለች፤ ውሃው የሚሸፍንላት መስሏት። ባለፈው ወር «አገር ቤት ደርሼ ልምጣ» አለችኝ። «ሂጂ፣ ማን ያዘሽ?» አልኳት። የኬሞ ቀጠሮዬ የተለጠፈበት የፍሪጅ በር ላይ ቆማ ቆየችና «ይቅር፣ ሌላ ጊዜ» አለች። የእኔ ነገር እንዲህ ውስጧን ይበላዋል።

እና የሐኪሟን ምክር ሥራ ላይ አዋልነው። ከዐስር ሶላት በኋላ መስኮቱ ጋ ወንበር ይዘን እንቀመጣለን።

«በይ፣ የሥራ ሰዓት ደርሷል፤ እንጨነቅ» እላታለሁ።

ተራ በተራ ነው። እኔ «ስሞት ይሄ የሕንፃው ሊፍት ሬሳዬን ይዞ መሐል ላይ ቢቆምስ? ጀነት በቀጠሮ ከሆነ አረፈድኩ!» ስል «ኧረ ስቶፕ ኢት፣ አጎቴ!» ብላ በትራስ ትመታኛለች። የሷ ተራ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው። «እማን እፈራላታለሁ።»

«እናትሽ ምን ሆነች? በሽተኛው እኔ! ለሷም ኬሞ እናዝዝላት እንዴ?»

ከንፈሯን ነክሳ ወደ ውጭ ታያለች። ሰው ቅርቡ ያለውን ፍርሃት መጥራት ሲከብደው ሩቅ ባለ ሰው ስም ይጠራዋል ብዬ ተረጎምኩት። ለእኔ እየፈራች ባንቺ ስም ትጠራዋለች። አየሽ፣ የጭንቀት ሐኪምም ሆኛለሁ።

ትናንት ታዲያ አሸነፍን። ተራዋ ሲደርስ «ዛሬ የሚያስጨንቀኝ ነገር የለም» አለች። እንደ ሌላው ቀን ከንፈሯን አልነከሰችም። ድምፅዋ ጸጥ ያለ ነበር።

«ዳንሽ!» ብዬ አጨበጨብኩላት። ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችና እዚያው ቀረች። ማታ ደግሞ ገንፎ ሠርታ ፊቴ ቁጭ አለች። «ሁሉንም ብላልኝ፣ ነገ አቅም ያስፈልግሃል» ትለኛለች። ነገ ምን አለ? ኬሞ የለኝም። ለእሷ ደስታ ብዬ ሳህኑን ጠራረግሁት።

አንቺ ግን ጥፋት አለብሽ። ስደውል የሚያነሳው ሙእሚን ነው። «እማ ሰርግ ሄዳለች»፣ «እማ ጎረቤት ናት»፣ «እማ ተኝታለች»። ኮምቦልቻ ውስጥ ያላገባ ሰው ቀርቷል? ልጅሽ እንደ አጎቱ ውሸት አልተካነም። የአረፋ ለት አንዴ አነሳሽ፤ «አንተ ቀልማዳ፣ ራስህን ጠብቅ» ብለሽ ዘጋሽው። ድምፅሽ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። ሀይፋ ጉንፋን ነው አለችኝ። ዝንጅብል ጠጪበት።

የእድራችን ሰብሳቢ አብዱልራህማን ሁልጊዜ ስላንቺ ይጠይቀኛል። ድሮ መርዶ አብረን ነበር የምንሄደው። እኔን ከፊት ያስቀድመኛል። ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይወጣ እናንኳኳለን፤ ባለቤቱ እኔን አይቶ እየሳቀ ሲከፍት እሱ ከኋላዬ ብቅ ይልና ይነግረዋል። ከታመምኩ ወዲህ አይጠራኝም፤ በሽተኛ መርዶ አይሄድም። ቤቴ ደግሞ አንድ ቀን መጥቶ አያውቅም። ሊፍት ይፈራል፣ በደረጃ እንዳይወጣ ጉልበቱ አይችልም። ከሰፈሩ ከዌሪቢ ሲመጣ እታች መኪናው ውስጥ ሆኖ ክላክስ ያደርጋል፣ በሽተኛው እወርድለታለሁ። «የጤነኛ ጠያቂ!» እለዋለሁ።

በይ እንግዲህ ወረቀቱ እያለቀ ነው። ስመጣ ደጅ ላይ ጠብቂኝ፤ ማንንም አትላኪ፣ ራስሽ ውጪ። ያን ጊዜ እንደ ልብሽ ትሰድቢኛለሽ። እስከዚያው አላህ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ጉንፋኑን ያንሳልሽ፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን፣ ላንቺ ያለኝን ሳልጨርስ አይለየን፣ አላህ

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። ገና አልነጋም።

ሀይፋ ከክፍሏ ወጣች። ለብሳለች፣ ሻሿን ጠምጥማለች። ተኝታ አልነበረችም። «ማነው በዚህ ሰዓት?» አልኳት። ሄጄ በበሩ ቀዳዳ አየሁ። አብዱልራህማን ነው። በደረጃ ወጥቶ ግንባሩ በላብ ርሷል። ከኋላው ሁለት ሰዎች ጫማቸውን እያዩ ቆመዋል። «ሙሔ፣ እኛ ነን፣ ክፈት» ይላል፤ ድምፁን አለስልሶ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ስንት በር ላይ አብሬው ቆሜ ሰምቼዋለሁ።

አልከፈትኩም። ዱዓውን ልጨርስ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ይጠብቁ፣ መርዶ ይዞ የሚቸኩል የለም። «አላህ ያቆይልኝ» ልልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ለካ አንቺም አስምለሻታል። እኔ በሽታዬን ላንቺ እንዳትነግር፣ አንቺም በሽታሽን ለእኔ እንዳትነግር፤ ልጅቷን በሁለት በኩል ቆልፈንባት እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እቀልዳለሁ። የሞተችው እናቷ ናት፣ ገንፎ የበላሁት እኔ ነኝ።

ሀይፋ በሩ ጋ ቆማ እኔን ታየኛለች። ቻርጀሬን በእጇ ይዛዋለች፤ መርዶው በስልክ እንዳይደርሰኝ ደብቃው ነው። ትናንት የሚያስጨንቀኝ የለም ያለችኝ እውነቷን ነበር፤ የምትፈራው ደርሶ ነበር።

እንደገና አንኳኩ። ልነሳና ልክፈትላቸው፣ መጀመሪያ ግን እሷን ልያዛት። አብዱልራህማን አፉን እስኪከፍት ድረስ አለሽልኝ።

ወንድምሽ
ሙሔ